ደረቅ ነው የተባለው እንፋሎት

የቭሴይ ሉኪች የሚባለው ሰው ቅዳሜ ማታ የሞተው «ክብር ለአምስት መቶ ዲግሪ!» ተብሎ በቀይ ቀለም ከተጻፈ ትልቅ የወረቀት መፈክር ሥር ነው። የተርባይን ክፍል ኃላፊ ነበር። ፊቱና ደረቱ ተቀቅሎ፣ በብረት ርብራቡ ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ በሁለት እጁ የበርች ዛፍ ቅርንጫፍ እስር አቅፎ ተገኘ። የጣቢያው አለቆች ከማዘን ይልቅ መቆጣት ቀደማቸው። የአብዮቱ በዓል ደርሷል፤ የሚኒስቴሩ ልዑክ ሰኞ ከሞስኮ ይገባል፤ ሜዳሊያው በሳጥኑ ውስጥ ተኝቶ ደረት ይጠብቃል። በእንዲህ ያለ ሰሞን መሞት እነሱ ዘንድ የሥነ ሥርዓት ጉድለት ነው።

ከተማችን ሶስኖያርስክ የቆመችው በአቶም ጣቢያዋ ነው። ሌላው አገር በኑክሌር ማብላያው ውኃ ያፈላና በሚወጣው እርጥብ እንፋሎት ተርባይን ያዞራል። እኛ በዚያ አልረካንም፤ የወጣውን እንፋሎት መልሰን በማብላያው ሆድ ውስጥ እናሳልፈውና ሁለተኛ እናግለዋለን። እንዲህ የጋለ እንፋሎት አንዲት ጠብታ ውኃ አይገኝበትም፤ ደረቅ ነው። ከቱቦ ሾልኮ ሲወጣ ዓይን አያየውም፤ ያገኘውን ግን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። አምስት መቶ ዲግሪ መግባታችንን ጋዜጣችን በዚያው ሳምንት በፊት ገጹ አውጥቶት ነበር፤ ከዋና መሐንዲሱ ከአቬኒር ዝዳንኮ ፎቶግራፍ ጋር። ዝዳንኮ ፎቶ ሲነሳ አገጩን ቀና ማድረግ ያውቅበታል። ብዙ ሰው በዚህ ችሎታው ብቻ ሲያከብረው ኖሯል።

ሬሳው ሳይነሳ ጥፋተኛዋ ተገኘች። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ተረኛ የነበረችው ኖና ሽቹሮቫ፣ ሰውየው ቱቦው ሥር ሳለ የእንፋሎት መቅጃውን ቱቦ ቫልቭ የኤሌክትሪክ ቁልፍ በቸልተኝነት ተጭና እንፋሎቱን ለቃበታለች ተባለ። ወረቀቱ ተጽፎ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል። ማምሻውን መኪና መጥቶ ወደ ክፍለ ሀገሩ እስር ቤት ሊወስዳት፣ ገና መናገር የጀመረ ልጇም ሕፃናት ማሳደጊያ ሊገባ ተወስኗል። ባል የላት፣ ዘመድ የላት፣ ፓርቲው ውስጥ የለችበት። ጥፋተኛ ለመሆን ከእሷ የተመቸ ሰው በከተማው አልነበረም።

ለፊርማው ማሳመሪያ እንዲሆን ከክፍለ ሀገሩ ዓቃቤ ሕግ አንድ መርማሪ ተጠራ። የመጣችው አግኒያ ሮማኖቭና ናት። አጭር፣ ወፍራም፣ የወንድ ኮፍያ የምታደርግ፣ ሰው ሲዋሻት የምታዛጋ ሴት ነበረች። በዚያ እሁድ ጠዋት በሶስኖያርስክ ብዙ አዛጋች።

ዝዳንኮ ራሱ ወደ ቱቦ መተላለፊያው ወሰዳት። በግራጫ ሱፍ ልብሱ፣ በሚያብለጨልጭ ጫማው፣ ግድግዳ እንዳይነካው ተጠንቅቆ ይራመዳል። ቱቦዎቹን ግን እንደ ልጆቹ በስማቸው ይጠራቸዋል፤ ይህ ከዚህ ተነስቶ ወደዚያ ይሄዳል፣ ይህኛው ደግሞ ለምርመራ እንፋሎት የሚቀዳበት የመቅጃው መስመር ነው፣ ቫልቩን በእጅ የሚከፍተው መዘውር ከግድግዳው ኋላ ነው፣ ንድፉን የሠራሁት እኔ ነኝ ይላል። አግኒያ ሮማኖቭና አላቋረጠችውም።

«ሟቹ እዚህ ምን ሊያደርግ መጣ?» ስትል ጠየቀችው በመጨረሻ።

«ሾልኮ የሚወጣ እንፋሎት ሊፈልግ ነዋ። ደረቅ እንፋሎት አይታይም፣ ጓድ መርማሪ። ሠራተኞቻችን የበርች ቅርንጫፍ ከፊታቸው ይዘው ይሄዳሉ፤ እንፋሎቱ ጋ ሲደርሱ ቅርንጫፉ ይቆረጣል። በመጽሐፌም ጽፌዋለሁ። እሱ ሲፈልግ ያቺ ልጅ ቁልፉን ነካችና ለቀቀችበት።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚሁ ግቢ፣ ባኛ ውስጥ። ቅዳሜ ነበር እኮ።»

በኡራል ሰው ቅዳሜ ማታ ባኛ፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ መግባቱ፣ በእንፋሎቱ ውስጥ በቅጠላም በርች ጀርባውን መገረፉ ማስረጃ አያስፈልገውም። አግኒያ ሮማኖቭናም የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ ራሷን ነቅንቃ አለፈችው። ከዚያ በዚያ ውፍረቷ በርብራቡ ላይ ተንበረከከች።

መፈክሩ ከመቅጃው ቱቦ አፍ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው። ቀዩ ቀለም ከፊደሎቹ ወርዶ ግድግዳውን አዥጎርጉሮታል፤ ወረቀቱም ረጥቦ ደርቆ ተኮማትሯል። የጠቆረ ወይም የተለበለበ ቦታ ግን አላየችበትም። ከርብራቡ ሥር ባለው ቦይ ውስጥ የወፍራም ብርጭቆ ስባሪ አገኘች። አሸተተችው፤ እንስላል እንስላል ይላል። እዚህ አገር ኪያር በጨው የሚቀመጥበት የብርጭቆ ማሰሮ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሸተው።

ክሊኒኩ ውስጥ ሐኪሙ የሟቹን ሱፍ ሹራብ አሳያት። ሌሊቱን ሙሉ ተሰቅሎ እንኳ ሲጨመቅ ውኃ ይወጣዋል። የተለበለበ ክር የለበትም። ቅርንጫፉንም አመጡላት፦ አጭር፣ ለእጅ የሚመች፣ ቅጠሉ ያልረገፈ፣ ለስልሶ አረንጓዴ የሆነ። አፍንጫዋ ጋ አስጠጋችውና ዓይኗን ጨፈነች። ሐኪሙ የምትጸልይ መስሎት ወደ መስኮቱ ዞረ።

ኖናን ያገኘቻት በዘበኞቹ ክፍል ነው። ቀጭን ናት፤ በሥራ ልብሷ እንዳለች ነው። አልቅሳ ጨርሳለች።

«ቁልፉን ነክተሻል?»

«አልነካሁም።»

«ሁሉም ነክታለች ይላል።»

«ሁሉም እዚያ አልነበረም። እኔ ነበርኩ።»

አግኒያ ሮማኖቭና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታዛጋ ወንበር ሳበች። ስለ ሙቀት መለኪያው ጠየቀቻት። ልጅቷ መጀመሪያ አመነታች፤ ከዚያ ግን ሳምንቱን ሙሉ ልቧን ሲከነክናት የነበረውን አወጣችው። መርፌው አምስት መቶ ላይ እንደተቸነከረ ነው የሰነበተው። በሥራ ላይ ያለ መርፌ ትንሽ ትንሽ መንቀጥቀጥ አለበት። ለፈረቃው ኃላፊ ለካፒቶን ሉዝጊን ስትነግረው፣ አንቺ ደግሞ ሲሞላልሽ ቅር ይልሻል ብሎ ሳቀባት።

«የቭሴይ ሉኪችስ ምን አሉ?»

«እሳቸው አልሳቁም። ሄደው ተርባይኑ ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ቆሙ። ሲመለሱ ፊታቸው ልክ አልነበረም። ‹ውኃ እየበላው ነው፣ ልጄ› አሉኝ። ‹ክንፎቹ ከሳሱ ተበጥሰው ይወረወራሉ፤ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው አይተርፍም› አሉኝ።»

«ተርባይኑ አሁን ቆሟል?»

«ማን ያቆመዋል? ሰኞ ልዑኩ ያየዋል እኮ።»

ሉዝጊን የእንፋሎት ሰው ነው። ክንዱ በአሮጌ ጠባሳ ተሸብሽቧል፤ ድምፁም ከማሽን ጋር ሲጮህ የኖረ ሰው ድምፅ ነው። ፈሪነቱ ግን ኋላ የመጣ ነው፤ ኃላፊ ከሆነ ወዲህ። መዘውሩ ያለበት ኮሪደር ውስጥ ቆመው ተነጋገሩ። አጠገባቸው የእሱ ቁም ሳጥን በሩ ገርበብ ብሏል፤ በውስጡ ጫፉ ላይ የተላጠ ደረቅ ቅርንጫፍ የታሰረበት ረጅም አጣና ቆሟል። ምን እንደሆነ ስትጠይቀው «የሥራ ዕቃ ነው» ብሎ በሩን ገፋው።

ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። ፉጨት ሰምቶ ከአዳራሹ እንደሮጠ፣ መዘውሩን ጥቂት ዞር ዞር አድርጎ እንደዘጋው፣ ሐኪም ሊጠራ ሄዶ እንደተመለሰ፣ ከዚያ ወደ መተላለፊያው እንደገባ ነገራት። አግኒያ ሮማኖቭና መስመሩ ከላይ በሌላ ቫልቭ መዘጋቱን አረጋግጣ ኮቷን አወለቀችና መዘውሩን ራሷ እስከ ጫፉ ከፈተችው። መልሳ ስትዘጋው እጇ ዛለ፤ መሐል ላይ ሁለቴ ማረፍ ነበረባት።

«ቁልፉን ሲጫኑትስ ስንት ድረስ ይከፈታል?» አለችው ላቧን እየጠረገች።

«እስከ ጫፉ ነው። ሞተሩ መሐል ላይ መቆም አያውቅም።»

ያለውን የተረዳው ካለው በኋላ ነው።

«የቭሴይ ሉኪች ወደዚህ ሲወርዱ አይተዋል?»

«አይቻለሁ። ውኃ ሊቀዳ ነው የወረደው።»

«ከደረቅ እንፋሎት?»

ሉዝጊን ጠባሳውን ማሻሸት ጀመረ። ቀስ እያለ ሌላውም ወጣ። የቭሴይ ሉኪች መውረዱን ባኛ ድረስ ሄዶ፣ በሩን አንኳኩቶ ለዝዳንኮ ነግሮታል። ዝዳንኮ አመስግኖት በሩን ዘጋ፤ እሱም ወደ አዳራሹ ተመለሰ።

«ለምን ነገሩት?»

«አለቃ ነው።»

«የቭሴይ ሉኪችስ ምንዎ ነበሩ?»

«ሙያ ያስተማረኝ እሱ ነው» አለ ሉዝጊን። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አላያትም።

የቀረው የጣቢያው የፓርቲ ጸሐፊ ቪኬንቲ ነው። የኪያር ጨው ውኃ በኩባያ ይዞ፣ የትናንቱን ቮድካ ራስ ምታት እያስታመመ ተቀበላት። ከዝዳንኮ ጋር ባኛ ገብቶ እንደነበር፣ ከዚያም ልብስ መቀየሪያው ውስጥ አግዳሚው ላይ እንቅልፍ እንደጣለው፣ ዝዳንኮ ይግባ ይውጣ እንደማያውቅ ነገራት። የመቅጃውን መስመር የሚከፍተው መዘውር የት እንዳለ ስትጠይቀው ተቀየማት። እሱ የሚመራው ሰው ነው እንጂ ብረት አይደለም። እውነትም ሰውየው መዘውርና የግድግዳ ሰዓት ቢያስተያዩት ለመለየት ጊዜ የሚፈልግ ነበር። የቭሴይ ሉኪች መሞትም ያን ያህል የከነከነው አይመስልም። የከነከነው ሌላ ነው።

«መፈክሬን አዩት? ሠዓሊው ሳምንት የደከመበት ነው። አቬኒር ዝዳንኮን ጠይቄው ነበር እኮ፤ እዚያ ብሰቅለው እንፋሎት አያበላሸውም ወይ ብዬ። ‹ደረቅ ነው፣ ምንም አይለው› አለኝ። ይኸው ደም የተረጨበት መስሎ! ለልዑኩ ምን ልበል?»

«የሞተ ሰው ነበር ይበሉ» አለችውና ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም አስጠራቻቸው። የጠራቻቸው ወደ ቢሮ ሳይሆን ወደ አለቆቹ ባኛ ልብስ መቀየሪያ ነው። የትናንቱ ድግስ አልተነሳም፤ የተገመሰ ኪያር፣ የዓሣ አጥንት፣ የተንጋለለ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አለ። ግድግዳው ላይ በተደረደሩት ሚስማሮች ቅጠላም የበርች እስሮች ተንጠልጥለዋል። ዝዳንኮ አንገቱን አቅንቶ ራስጌው ላይ ተቀመጠ። ቪኬንቲ ከጎኑ፣ ሉዝጊን በሩ አጠገብ። ኖናን ዘበኛ አምጥቶ ጥግ አስቀመጣት። የክሱ ወረቀት ከዓሣው አጥንት አጠገብ ፊርማ ይጠብቃል።

«ይህ ቦታ ለምን ተመረጠ?» አለ ዝዳንኮ።

«እንፋሎት የገባኝ ባኛ ውስጥ ስለሆነ ነው» አለች አግኒያ ሮማኖቭና። «እናንተ በመጽሐፍ ተማራችሁ። እኔ አባቴ በቅጠል እየገረፈኝ ነው የተማርኩት። እርጥብ እንፋሎት ያበሰብሳል፤ ደረቅ ይለበልባል። የትናንቱ አበሰበሰ።»

ከዚያ አንድ በአንድ አወረደችው። መፈክሩ ከቱቦው አፍ ክንድ አይርቅም፤ አምስት መቶ ዲግሪ የጋለ ደረቅ እንፋሎት ቢወጣ ወረቀቱ ይጠቁር፣ ይነድ ነበር። ቀለሙ ግን ታጥቦ ወረደ። የሟቹ ሹራብ አልተለበለበም፤ ሌሊቱን አድሮ እንኳ ውኃ ያዘለ ነው። ዝዳንኮ እጁን አነሳና፣ እንፋሎት ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ውኃ መሆኑን ማንኛውም ተማሪ ያውቃል አለ፤ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ድምፁን አለስልሶ።

«ጣሪያው ላይ፣ ሩቅ ግድግዳ ላይ ውኃ ይሆናል። ከአፉ ሥር አይሆንም። ማሰሮውንስ ምን ይሉታል? የቭሴይ ሉኪች የኪያር ማሰሮ ይዞ ነው የወረደው፤ ስባሪው ቦዩ ውስጥ ነው። የሚሾልክ እንፋሎት የሚፈልግ ሰው ማሰሮ አይዝም። ማሰሮ የሚይዘው ውኃ የሚቀዳ ነው። ሰውየው ከደረቁ መስመራችሁ ውኃ ቀድቶ ሰኞ ልዑኩ ጠረጴዛ ላይ ሊያስቀምጠው ነበር። እንፋሎቱን ሁለተኛ የሚያግለው ማጋያ ሥራ ላይ አይደለም፤ እንፋሎቱ እሱን ዘሎ ነው ወደ ተርባይኑ የሚሄደው። መርፌው አምስት መቶ ላይ የቆመው በእንፋሎቱ አይደለም፤ በሰው እጅ ነው።»

ቪኬንቲ ሜዳሊያው ከዓይኑ ሲርቅ ይታየው ጀመር መሰለኝ ፊቱ ገረጣ።

ቀጥላ ስለ ቁልፉ ተናገረች። ቁልፍ ቢነካ ሞተሩ ቫልቩን እስከ ጫፍ ይከፍተዋል፤ ለመዝጋትም እጅ እስኪዝል ማዞር ይጠይቃል፤ እሷ ሞክራዋለች። ሉዝጊን ግን ጥቂት ዞር ዞር አድርጎ ዘግቶታል። ስለዚህ የተከፈተው በከፊል ነው። በከፊል የሚከፍት ሰው እንጂ ሞተር አይደለም።

«ኖና ሽቹሮቫ መዘውሩ ባለበት ኮሪደር አልነበረችም፤ መቆጣጠሪያ ክፍል ነበረች» አለች። «ይህን ወረቀት የጻፈው ሰው ቀላሉን ነው የጻፈው።»

ኖና አንገቷን አቀረቀረች። ዘበኛው ሳያስበው ከአጠገቧ ትንሽ ፈቀቅ አለ።

«እንግዲህ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ። ገዳዩ መዘውሩን ያውቀዋል፤ ቱቦው ሥር ያለውን ሰው ሳያይ፣ ከግድግዳ ኋላ ሆኖ የትኛውን ማዞር እንዳለበት ለይቷል። ከዚያ መስመሩ ተዘግቶ ሐኪም እስኪጠራ ባለችው ጊዜ ገብቶ፣ የሚሾልክ እንፋሎት ሲፈልግ ሞተ እንዲባል፣ ሬሳው እጅ ላይ የበርች እስር አስቀመጠ። ከዚህ ከተዘፈዘፈበት ጎድጓዳ ያነሳው ነው፤ የባኛ ሽታው አለቀቀውም። ሟቹ ይዞት ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ እንፋሎት ቅጠሉን አራግፎት ነበር። አሁን አንድ ነገር ላስቸግራችሁ፤ የሚሾልክ ደረቅ እንፋሎት እንዴት እንደሚፈለግ አሳዩኝ። ጓድ ቪኬንቲ?»

ቪኬንቲ ይህ የቴክኒክ ክፍል ሥራ እንደሆነ አስታወቀ።

«ጓድ ዝዳንኮ፣ እርስዎ ጽፈውበታል።»

ዝዳንኮ በንቀት ፈገግ አለ። የመንደር ፖሊስ ለማዝናናት ጊዜ የማጥፋቱ ነገር እንደመረረው እንዲታወቅለት ቀስ ብሎ ተነሳና ከሚስማሩ አንዱን ቅጠላም እስር አወረደ። በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ያዘው። ሁለት እርምጃ ወደፊት ተራመደ።

«እንዲህ ነው» አለ።

በሩ አጠገብ ሉዝጊን ሳቀ። ሊይዘው ሞክሮ አቃተው፤ የሚያስጠላ፣ የሚያንቅ ሳቅ ነበር።

«ምን ያስቅዎታል?» አለችው አግኒያ ሮማኖቭና።

«በእሱ የሚፈልግ ሰው ሁለት እጁን ከክርኑ ያጣል። ከአጣና ጫፍ ነው የሚታሰረው፣ እናቴ። ረጅም አጣና። እንፋሎቱ እጅ ሳይደርስ ቅርንጫፉን እንዲያገኝ። ቅጠሉም ይላጣል፤ ቅጠል ያለው በነፋሱም በምኑም እየተወዛወዘ ያሳስታል።» አፉን በእጁ ጠረገ፤ ሳቁ ጠፍቷል። «ይህን እዚህ ቤት የማያውቅ… ጠራጊዎቹም ያውቁታል።»

«አጣናው የት ነው የሚቀመጠው?»

«ቁም ሳጥኔ ውስጥ። መዘውሩ አጠገብ። አይቆለፍም።»

«አዎ፤ አይቼዋለሁ» አለች አግኒያ ሮማኖቭና። «ገዳዩም አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ እጁን ቢዘረጋ ይደርስበታል። ግን ምን እንደሆነ አላወቀም፤ ስለዚህ ከዚህ ቅጠል ይዞ ሄደ። ጓድ ሉዝጊን መዘውሩንም አጣናውንም ያውቃሉ፤ እርስዎ ቢሆኑ ትክክለኛውን ያስቀምጡ ነበር። ጓድ ቪኬንቲ ሁለቱንም አያውቁም፤ እርስዎ ቢሆኑ መዘውሩን ሲፈልጉ ይነጋ ነበር። መዘውሩን የሚያውቅ፣ አጣናውን የማያውቅ አንድ ሰው ነው። ስለ ደረቅ እንፋሎት መጽሐፍ የጻፈ፣ ደረቅ እንፋሎት ሲፈለግ ግን አንድ ቀን ወርዶ ያላየ። ቅጠሉን ያስቀምጡት፣ ጓድ ዝዳንኮ፤ ይዘውት ቆመዋል እኮ።»

ዝዳንኮ እጁን አየ። እስሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለው፤ የዓሣው አጥንት ላይ አረፈ። ለጥቂት ጊዜ የሚክድ መስሎ ነበር። ሆኖም በዚህ ሰው ውስጥ ከፍርሃት የሚበልጥ ነገር ነበረ፤ ንቀቱ።

«በኪያር ማሰሮ!» አለ። «ማጋያው ተሰነጠቀ፤ በጥር ይጠገናል፤ ጥቂት ወር ብቻ መታገስ ነበር። ለመንኩት። ማዕረግ ላሰጥህ አልኩት። ያ ደደብ መካኒክ የአገር ክብር በኪያር ማሰሮ ቀድቶ ሚኒስትር ፊት ሊያቀርብ! ክንፎቹ፣ ክንፎቹ እያለ። ክንፍ ይቀየራል። እኔን የሚተካ ማን አለ?»

«የሚተካዎት አይጠፋም» አለች አግኒያ ሮማኖቭና። «ጫማዎን ይቀይሩ። መንገዱ ጭቃ ነው።»

«ሞስኮ ያስወጣኛል።» አገጩ ፎቶው ላይ እንዳለው ቀና አለ። «አምስት መቶ ዲግሪ በሚኒስትሩ ተፈርሟል። ፍርድ ቤት ቆመሽ እንፋሎቱ እርጥብ ነበር የምትዪ ይመስልሻል? ማን ያስቀምጥሻል?»

ሐሰት አልተናገረም፤ እሷም ታውቀዋለች። በዚህ ዓይነት ጉዳይ ችሎቱ በዝግ እንደሚሆን፣ የመዝገቡም ቃል ለሚኒስትሩ ጆሮ በሚስማማ መንገድ እንደሚጻፍ ከዚህ በፊት አይታዋለች። አላዛጋችም። ዘበኛውን ጠርታ ሰውየውን አስያዘችው። የኖናን ወረቀት ከጠረጴዛው አንስታ ለሁለት ቀደደችውና ወደ ሉዝጊን ዞረች።

«ተርባይኑን ያስቁሙት።»

ሉዝጊን ወደ ዝዳንኮ አየ። እጁ የተያዘ ሰው ዓይን ውስጥ ትእዛዝ ይፈልግ ነበር። ዋና መሐንዲሱ ሳይፈርም ማቆም ደንቡ አይፈቅድም ብሎ አጉረመረመ፤ ለሞስኮ መደወል ይሻላል፤ ዛሬ ደግሞ እሁድ ነው። ቪኬንቲም ነፍስ ዘራና ልዑኩ ነገ መምጣቱን አስታወሰ። ከታየ በኋላ ማቆም ይቻላል፤ አንድ ቀን ምን አላት፤ ስንት ቀን ዞሮ የለም ወይ። አግኒያ ሮማኖቭና ሁለቱን በየተራ አየቻቸው። ከግድያው ይልቅ ይህ የጠየፋት ይመስል ነበር። አዳራሹ ውስጥ በዚያ ሰዓት ሙሉ ፈረቃ ነበር፤ ሰዎቹም ምንም አያውቁም።

ኖና ከጥጉ ተነሳች። ማንም ሳይጠራት ግድግዳው ላይ ያለውን ስልክ አነሳችና ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ጋር እንዲያገናኟት ጠየቀች።

«ኖና ነኝ። ተርባይኑን አቁሙት። አዎ፣ አሁን። አዳራሹ ውስጥ ያለውን ሰው አስወጡ።» አዳመጠች። «ማንም አላዘዘኝም። በእኔ ስም ጻፉት።»

ስልኩን ሰቀለችው። ቪኬንቲ እንዲህ ያለ ነገር በሕግ እንደሚያስጠይቃት፣ ይህ የጣቢያውን ሥራ ማሰናከል እንደሚባል፣ እንደ ፓርቲ ጸሐፊ ሪፖርት የማድረግ ግዴታ እንዳለበት ተንተባተበ።

«ያላጠፋሁትን ስትጽፉ ፊርማ አልጠፋችሁም» አለችው ኖና። «ይሄንን እኔ ነኝ ያደረግሁት። ጻፉት፤ ስሜን ታውቁታላችሁ።»

ካፖርቷን ደረበች። ጎረቤት የተወችውን ልጇን ልታመጣ በሩን ከፍታ ወጣች። ሉዝጊን መንገድ ለቀቀላት። ጥቂት ቆይቶ፣ ከተማችን ከተመሠረተች ጀምሮ ጆሯችን የለመደው የተርባይን ድምፅ እየወረደ፣ እየወረደ ሄደና ቆመ። ባኛው ውስጥ ያሉት ሰዎች ቀና ብለው ተያዩ። አግኒያ ሮማኖቭና ኮፍያዋን አደረገችና እስረኛዋን አስከትላ ወደ ጭቃው ወጣች።